ቡናማው ጠርሙስ ለምን ቡናማ ሆነ? የድሮ መድኃኒት ቤት ጠርሙሶች በወሎ ሳሎን

አሁን አሁን ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ አዳዲስ ካፌዎችና ሳሎኖች አንድ ዕቃ እየተለመደ መጥቷል። ወፍራም የመስታወት ጠርሙስ ነው። አፉ ሰፊ ነው፤ ክዳኑም ራሱ መስታወት ነው። አንዳንዱ ጥርት ያለ፣ አንዳንዱ ቡናማ፣ አልፎ አልፎም ሰማያዊ ይሆናል። ቡና ይጨመርበታል፣ እጣን ይጨመርበታል፣ ቀረፋ ይቆምበታል። ቡፌ ላይ ወይ ረከቦቱ አጠገብ ይደረደራል። ያምራል።

ይህ ዕቃ ግን ለጌጥ አልተፈጠረም። የመድኃኒት ቤት ዕቃ ነው፤ ካልሆነም የመድኃኒት ቤት ዕቃ አስመስለው የሠሩት ነው። ቀለሙ፣ የአፉ ስፋት፣ የክዳኑ አገጣጠም፣ ሆዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ምክንያት ነበራቸው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ጠርሙሱን የት እንደሚያስቀምጥና ምን እንደሚጨምርበት አይቸገርም። ምን መጨመር እንደሌለበትም ያውቃል። ይሄኛው ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

ጠርሙሱ ምን ይሠራ ነበር?

ዛሬ ፋርማሲ ስንሄድ መድኃኒቱ ከፋብሪካ ታሽጎ ይጠብቀናል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በብዙ አገር መድኃኒት ቤት ማለት መቀመሚያ ቤት ነበር። ሐኪሙ ትእዛዙን ይጽፋል። ቀማሚው ከመደርደሪያው ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ ልጣጩን፣ ዱቄቱን፣ ዘይቱን እያወረደ ይመዝናል፣ ይወቅጣል፣ ያዋህዳል። ጠርሙሶቹ የዚያ ሁሉ ጥሬ ዕቃ ማስቀመጫ ነበሩ።

ቅርጻቸው የተለያየውም ለዚህ ነው። ፈሳሽ በጠባብ አፍ ይቀመጣል፤ ሲቀዳ እንዳይፈስ፣ ሲቀመጥ እንዳይተን። ዱቄትና ቅጠል በሰፊ አፍ ይቀመጣል፤ ማንኪያ እንዲገባ። ቅባት ደግሞ ውስጡን በማያሳይ አጠር ባለ ነጭ ዕቃ ይቀመጥ ነበር።

ከመስታወቱ በፊት ሸክላ ነበር። መድኃኒት ቤት ራሱን የቻለ ሱቅ ሆኖ ቀድሞ የታየው በእስልምናው ዓለም ነው፤ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ በዚህ ትታወቃለች። ወገቡ ቀጠን ያለ የመድኃኒት ሸክላም ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነሥቶ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስፔንና ጣሊያን ውስጥ ተስፋፋ። ጣሊያኖች አልባሬሎ ይሉታል። ወገቡ የቀጠነው ለውበት አይደለም። ተጠጋግተው ከተደረደሩት መካከል አንዱን ጨብጦ ለማውጣት እንዲመች ነው። አፉ በብራና ተሸፍኖ በክር ይታሰር ነበር።

መስታወት በርካሽ መሠራት ሲጀምር ሸክላው ቦታውን ለቀቀ። መስታወት ሽታ አይመጥም። ከአልኮልና ከአብዛኛው አሲድ ጋር አይጣላም። የቀረውን መጠንም ሳይከፍቱት ያሳያል።

ሆዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ላቲን ነው፤ ያውም ባጭሩ የተጻፈ። አሮጌ ጠርሙስ እጃችሁ ከገባ ጥቂቶቹን ማወቅ ይጠቅማል። "ቲንክቱራ" ከሆነ አልኮል ውስጥ የተዘፈዘፈ ነገር ነበረበት። "ሲሩፑስ" ሽሮፕ ነው። "ፑልቪስ" ዱቄት፣ "ኦሌዩም" ዘይት፣ "ራዲክስ" ሥር፣ "ፎሊያ" ቅጠል፣ "ኮርቴክስ" ልጣጭ፣ "አኳ" ውሃ ነው። ከአጠገቡ የተክሉ ወይም የኬሚካሉ ስም ይከተላል።

ኮሶ በፈረንጅ ጠርሙስ

ከእነዚያ የተክል ስሞች መካከል የኛዎቹም ነበሩ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ደግሞ ሁሉም ወሎዬ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን መጥቶ ሲመለስ ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፏል። በኋላ ጀርመናዊው ግሜሊን ለዛፉ "ሀገንያ" የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ስሙ የወጣው በሀገን ነው፤ እሱም የኬኒግስበርግ ከተማ መድኃኒት ቀማሚና የኬሚስትሪ መምህር ነበር። እንግዲህ በቦረና ሳይንት ደጋ የምናየው ዛፍ በሳይንሱ ዓለም የሚጠራው በአንድ የፋርማሲ ባለሙያ ስም ነው ማለት ነው። ሙሉ ስሙ ሀገንያ አቢሲኒካ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደረቀ የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ ይላክ ጀመር። ሥራው እዚህ እንደምናውቀው ነው፤ የኮሶ ትል ማስወጣት። እ.ኤ.አ. በ1864 የወጣው የብሪታኒያ የመድኃኒቶች መዝገብ፣ ማለትም ፋርማኮፒያው፣ ኮሶን ከመድኃኒቶቹ ተርታ አስገብቶታል። ስለዚህ የለንደን ቀማሚ መደርደሪያው ላይ የኮሶ አበባ ቢያስቀምጥ ማንም አይገረምም ነበር።

ከርቤም እንዲሁ ነው። ቆላው የሚያበቅለው ይህ ሙጫ አልኮል ውስጥ ተዘፍዝፎ "ቲንክቱራ ሚራይ" በሚል ስም ለድድና ለአፍ ቁስል መጉመጥመጫ ሆኖ ለዘመናት ተሸጧል። እጣንም የራሱ ጠርሙስ ነበረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የደረቀ ኮሶ በመስታወት አድርጎ ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ መልኩም ያምራል፣ ታሪክም አለው። ለመጠጣት ግን አይደለም። ኮሶ ልኩ ካለፈ ሰውን ይጎዳል፤ ዓይን ላይ ጭምር ጉዳት እንደሚያደርስ ይታወቃል። ለኮሶ ትል ዛሬ በሐኪም የሚታዘዝ ልኩ የታወቀ ክኒን አለ።

ቀለሙ

ብርሃን ጉልበት ነው። በተለይ አልትራቫዮሌት የሚባለው ለዓይን የማይታየው ጨረርና ከሱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ብዙ ኬሚካሎችን ይሰባብራሉ። ቁስል ማጠቢያው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብርሃን ላይ ከቆየ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለወጣል። ሲልቨር ናይትሬት ይጠቁራል። ቫይታሚን ቢ 2 ይበላሻል። ቀማሚዎቹ ይህን ከልምድ ያውቁት ነበር።

ቡናማ መስታወት የሚገኘው መስታወቱ ሲቀልጥ ብረት፣ ሰልፈርና ከሰል ሲጨመርበት ነው። እነዚህ ተዋሕደው የሚሰጡት ቀለም አልትራቫዮሌቱን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ይይዘዋል፤ ከሰማያዊው ብርሃንም አብዛኛውን ያስቀራል። በቁጥር ለሚፈልግ፣ ከ450 ናኖሜትር በታች ያለው ጨረር ጥቂቱ ብቻ ነው የሚያልፈው። የቢራ ጠርሙስ ቡናማ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቢራ ውስጥ በጌሾ ፋንታ የሚገባው ሆፕ የተባለ ተክል ጨረር ሲመታው ክፉ ሽታ ያመጣል።

ይህ ነገር ለኛ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ ይመለከተናል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌቱ መጠን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የቶሳ ተራራ ጉም ቢያታልለንም፣ ጥቅምት ላይ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ቀላል አይደለም።

በርበሬን እንውሰድ። ቅላቱ የሚመጣው ካሮቲኖይድ ከሚባሉ ቀለሞች ነው፤ እነዚህን ብርሃንና አየር ያፈዟቸዋል። ጥርት ባለ ጠርሙስ ሞልታችሁ መስኮት ዳር ካስቀመጣችሁት ጥቂት ወር ሳይቆይ ፊቱ ይገረጣል። እርድም እንደዚያው ነው። ዘይት ይብስበታል፤ ይሻግታል። ጥቁር አዝሙድም ዘይት ያለው ፍሬ ስለሆነ ቡናማ ጠርሙስ ይስማማዋል፤ ከተፈጨው ይልቅ ፍሬው ብዙ ይቆያል። ዐጥር የሚባለውን የሽቶ ዘይት የሚወድ ሰውም ትንሿን ቡናማ ብልቃጥ ከጥርት ካለችው ያስቀድም።

ሰማያዊው ግን ያሳስታል። ጠቆር ስላለ የሚከላከል ይመስላል፤ ነገር ግን በኮባልት የሚቀባው ይህ መስታወት የሚያሳልፈው ያንኑ ጎጂውን ሰማያዊ ብርሃን ነው። በእንግሊዝ አገር ሰማያዊ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ የመርዝ ምልክት ነበር። ሆዱ ላይም ሸንተረር ያወጡለት ነበር። በጨለማ የሚዳስሰው ሰው በጣቱ እንዲያውቀው ነው። ሆዱ ሸንተረር ያለው አሮጌ ሰማያዊ ጠርሙስ ካጋጠማችሁ ለእይታ ብቻ አቆዩት።

ክዳኑና አንገቱ

ጥሩ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን በሞረድ ተፈትጎ የተገጠመ ነው። ክዳኑ አንገቱ ውስጥ ገብቶ፣ በመካከላቸው ጠንካራ ዱቄትና ውሃ እየተጨመረ፣ ሁለቱ እስኪስማሙ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። አንገቱ ውስጥ የሚታየው የደበዘዘ ቀለበት የዚያ ምልክት ነው። ስለዚህ የአንዱ ውታፍ ለሌላው አይሆንም። ብዙ ጊዜ ውታፉም አንገቱም ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ተጭሮ ይገኛል። ጠርሙስ ስትገዙ ቁጥሮቹን አስተያዩ።

እንዲህ ያለ ውታፍ ይጣበቃል። ስኳር፣ ማር ወይም ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። በጉልበት አታዙሩት፤ ቢላም አታስገቡበት። አንገቱን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሉት። አንገቱ ከውታፉ ቀድሞ ሲሞቅ ትንሽ ይሰፋል። በጠርዙ ጠብታ ግሊሰሪን ወይ ዘይት ጣል አድርጉና አቆዩት። ከዚያ በእንጨት ማንኪያ እጀታ ከጎን ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ባዶውን ሲቀመጥ በውታፉና በአንገቱ መካከል ቀጭን ወረቀት ማስገባት ከችግሩ ያድናል።

አየር አያስገባም ተብሎም ሙሉ በሙሉ መተማመን አይገባም። ደሴ ክረምት ላይ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ጨውና ስኳር በተፈተገ ክዳን ውስጥም ቢሆን ይረጥባሉ። ለእነሱ ጎማ ቀለበት ያለው ወይም በጠመዝማዛ የሚዘጋ ይሻላል።

ሙቀትም አለ። ተራ መስታወት የሚሠራው ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ነው። አንዱ ጎኑ ድንገት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሌላው ጎኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ይይዘዋል፤ በመካከል ይሰነጠቃል። የጋለ ምጣድ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል። ይህን የሚቋቋመውን ቦሮሲሊኬት የተባለ መስታወት የሠራው ጀርመናዊው ኦቶ ሾት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ። የላቦራቶሪ ብርጭቆና የዛሬ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ በብዛት ከሱ ነው። አሮጌው የመድኃኒት ጠርሙስ ግን ተራው ዓይነት ስለሆነ የፈላ ውሃ አትገልብጡበት። አባቶች "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" ያሉት ለዚህም ይሠራል። ጫፉ ላይ የፀጉር ያህል የነቃ ጠርሙስ ዛሬ ቢቆምም ነገ እጅ ላይ ይለያያል።

እውነት አሮጌ ነው?

ገበያው ውስጥ ያለው አብዛኛው አዲስ ነው፤ አስመስለው የሠሩት። ይህ ነውር የለውም። ለምግብማ እንዲያውም አዲሱ ይመረጣል። ነገር ግን በአሮጌ ዋጋ አዲስ እንዳትገዙ ጥቂት ምልክቶች ልንገራችሁ።

የጠርሙሱን ጎን በጣታችሁ ከታች ወደ ላይ ዳስሱ። ቅርጽ ማውጫው የተጋጠመበት ቀጭን መስመር ታገኛላችሁ። መስመሩ እስከ ከንፈሩ ጫፍ ከደረሰ በማሽን የተሠራ ነው። አንገቱ ላይ ሲደርስ ከጠፋ ከንፈሩ በእጅ የተበጀ ነው፤ ያ ደግሞ የጥንትነት ምልክት ነው። ማይክል ኦወንስ የተባለ አሜሪካዊ ሙሉ በሙሉ በራሱ የሚሠራ የጠርሙስ ማሽን ያስኬደው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ከዚያ በፊት ጠርሙስ በአብዛኛው የሚሠራው በሰው ትንፋሽ ነበር። ቂጡ ላይ ሻካራ ክብ ጠባሳ ካለ በብረት ዘንግ ተይዞ በእጅ የተሠራ ነው። መስታወቱ ውስጥ የታሰረ አረፋና አንድ ወጥ ያልሆነ ውፍረትም ያግዛሉ፤ ብቻቸውን ግን ማስረጃ አይሆኑም። ዛሬ ሆን ብለው አረፋ የሚጨምሩ አሉ።

ጥርት ያለ ጠርሙስ በጊዜ ብዛት ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ካመጣ ደግሞ ማንጋኒዝ አለበት። ድሮ የአሸዋውን አረንጓዴነት ለማጥፋት ይጨምሩት ነበር። ብዙ ዓመት ፀሐይ ሲያየው ይቀላል፣ ይወይናል። ያምራል።

ከዚህ በፊት ምን ነበረበት?

ከሁሉም በላይ እንድታስታውሱት የምፈልገው ይህን ክፍል ነው። የድሮ መድኃኒት ሁሉ የዋህ ቅጠል አልነበረም። ካሎሜል የሚሉት የሜርኩሪ ውሁድ ለሆድ ድርቀት ሳይቀር ይሰጥ ነበር። አርሴኒክ መድኃኒት ነበር። ስትሪክኒን በጥቂቱ እንደ ማነቃቂያ ይታዘዝ ነበር፤ ይኸው ነገር ውሻ መግደያም ነበር። እነዚህ አብዛኞቹ ዓመታት አያደክሟቸውም። ሜርኩሪም አርሴኒክም ቢቆዩ መርዝነታቸው አይለቅም።

መስታወት ራሱ አይመጥም ብያለሁ፤ እውነት ነው። የተፈተገው አንገት ግን ሻካራ ነው። ቂጡ ላይ የተጋገረ ቅርፊትም ይኖራል። እነዚያ ውስጥ ቅሪት ይደበቃል። ሆዱ ላይ ያለው የወርቅና የቀለም ጽሑፍ ሊድ የተባለ መርዘኛ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ የመድኃኒት ጠርሙስ ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም። ምንም ያህል ቢታጠብ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ውስጡ ዱቄት ወይም ፈሳሽ የቀረበት ጠርሙስ ካገኛችሁ አታሽትቱት፣ ወጥ ቤት ውስጥም አትጠቡት። እንደተዘጋ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለቅርብ ፋርማሲ ወይም ጤና ተቋም ባለሙያ አሳዩት።

ሌላም አለ። ከቆራሌው እጅ የሚገኘው ትልቁ ቡናማ ጠርሙስ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ የሚይዘው፣ ብዙውን ጊዜ የመድኃኒት ቤት ሳይሆን የላቦራቶሪ ነው። አሲድ፣ ፎርማሊን ወይም ዛይሊን ሊሆን ይችላል የነበረበት። መልኩ ግርማ አለው፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ይቁምበት። ጠላ፣ ዘይት፣ ማር ግን አይግባበት።

ተቃራኒውም አደጋ ነው። በረኪና ወይም ላምባ በሚያምር ጠርሙስ አድርጎ ማስቀመጥ። ሕፃን ልጅ ጠርሙስ ሲያምር የሚጠጣ ነው የሚመስለው። የሐኪም መድኃኒትም ከራሱ ዕቃ አውጥቶ ወደ ጌጥ ጠርሙስ መገልበጥ አይገባም፤ ስሙም፣ መጠኑም፣ የሚያበቃበት ቀንም አብሮ ይጠፋል።

ማጠብ

ለአዲሱ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ጠባብ አንገት ላለው ጥሬ ሩዝና ትንሽ ሳሙና ጨምሮ ማወዛወዝ ጥሩ ነው። አሸዋና ጠጠር ይጭሩታል። ነጭ ሽፋን ካለበት መጀመሪያ አቼቶ ወይም ሎሚ ሞክሩ። ከውሃ የተረፈ ኖራ ከሆነ አሲዱ ያሟሟዋል። ካልለቀቀ መስታወቱ ራሱ ታሟል፤ በእርጥበት ብዛት ሶዳው ወጥቶ ፊቱ ተበልቷል፤ ያ አይመለስም። በረኪናን ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ክሎሪን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።

ለምግብ የተሠራውን አዲስ ጠርሙስ ቀቅሎ ማጽዳት የምትፈልጉ ደግሞ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አብሮ እሳት ላይ ይጣድ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በከፍታው የተነሣ። ኮምቦልቻ ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ ሰው ይልቅ እኛ ረዘም አድርገን መቀቀል አለብን። ከዚያ ተገልብጦ በደንብ ይድረቅ። ክረምት ላይ ደረቀ ብላችሁ ከዘጋችሁት በማግስቱ ውስጡ ላብ ይታያል፤ እሱ ሻጋታን ይጠራል።

ወሎ ቤት ውስጥ

እኛ ዕቃ አናጣም። ሙዳይ አለን፣ ቅል አለን፣ ቀንድ አለን። ወተት የሚቀመጥበት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ ጭሱን ይመጠዋል፣ እርጎው ይጣፍጣል። መስታወት ይህን አይችልም። አይታጠንም፣ ሽታ አይይዝም። ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው። ትናንት ቅርንፉድ የነበረበት ታጥቦ ዛሬ ሌላ ነገር ቢገባበት አይመሰክርበትም። ስለዚህ መስታወቱ ሙዳዩን ይተካ አልልም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ስፌቱና መስታወቱ፣ የትኛውም ካታሎግ ላይ የሌለ ውበት ይሰጣሉ።

ቡና ማዕዘን ላይ ጥሬ ቡና ጥርት ባለ ሰፊ ጠርሙስ ያምራል። በደንብ የደረቀ ይሁን እንጂ፤ እርጥበት ያለው ቡና ተዘግቶ ይሻግታል። ቡናው ወዲያው ስለሚጠጣ የተቆላውን ማስቀመጥ ብዙ አይለመድም። ከተቀመጠም ለጥቂት ሰዓት አየር ይውሰድ፤ የተቆላ ቡና ጋዝ ያወጣል፣ ክዳን ይገፋል። እጣንና ከርቤ ለመስታወት የተፈጠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። መዓዛቸው የሚተን ዘይት ስለሆነ ፕላስቲክ ውስጥ ይጠፋል፣ ፕላስቲኩንም ያበላሻል። ከፍሙ ብቻ ራቅ ይበሉ፤ ሙጫ ሲሞቅ ይጣበቃል፣ መስታወቱም ይነቃል።

ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ ጥላ ላይ ደርቀው በቡናማ ጠርሙስ ይግቡ። ስማቸውን በአማርኛ በእጅ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ የገቡበትን ወርም ጨምሩ። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ በጠባብ አንገት ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ አቁሙ። ቢጫው በቡናማው ላይ ይደምቃል፤ ብርሃን እንደ ልብ ስለማይገባም ውሃው ቶሎ አረንጓዴ አይሆንም።

ብዛት አልወድም። ሦስት አራት ጠርሙስ ቦታ ይሰጠዋል። ሃያ ሲሆን ሳሎኑ ሱቅ ይሆናል።

መስኮት ላይ ስታስቀምጡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በእንግሊዝና በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች መስኮት ላይ ባለ ቀለም ውሃ የሞላ ትልቅ ድቡልቡል መስታወት ይሰቀል ነበር። ማንበብ ለማይችል ሰው "መድኃኒት ቤት እዚህ ነው" የሚል ምልክት ነበር። ይህን የሚኮርጁ ዛሬ አሉ። ግን ውሃ የሞላ ድቡልቡል መስታወት የፀሐይን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል። ነጥቡ መጋረጃ ወይም ወረቀት ላይ ካረፈ እሳት ያስነሣል። ይህ በእርግጥ የሚደርስ ነገር ነው። ድቡልቡሉን ከቀጥታ ፀሐይ አርቁት።

መደርደሪያውም በደንብ ግድግዳው ላይ ይታሰር፤ ከባዱ ከታች ይሁን። የምንኖረው የስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬና ማጀቴ ላይ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያስታውሱ አረጋውያን አሁንም አሉ። ጠርዙ ላይ ቀጭን ጣውላ መምታት ብዙ ወጪ የለውም።

የመጨረሻው ነገር ስለ እውነተኞቹ አሮጌዎች ነው። ወሎ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ናቸው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ጦርነት በተመላለሰበት አገር መስታወት ዕድሜው አጭር ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ጭምር ተመትቷል። በ2014ቱ ጦርነትም የወሎ ጤና ተቋማት ብዙ ንብረት አጥተዋል። ስለዚህ አያት ቤት ወይም የተዘጋ መድኃኒት ቤት ጓዳ ውስጥ ወረቀቱ ያልተላጠ ጠርሙስ ካገኛችሁ ወረቀቱን ውሃ አታስነኩት። የውጩን በደረቅ ብሩሽ ብቻ ጥረጉት። አራቱንም ጎን ፎቶ አንሡት። ከየት እንደተገኘ፣ የማን እንደነበር፣ መቼ እንደተሰጣችሁ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ለቤታችሁ የማትፈልጉት ከሆነ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ደሴ ሙዚየምን ወይም በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ያለውን የፋርማሲ ትምህርት ክፍል ጠይቁ። ነገ ፋርማሲስት የሚሆነው ተማሪ ኮሶ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ በእጁ ቢይዝ ብዙ ነገር ይማርበታል።